የትኛው የቀረጥ ዕድል ያዋጣል? ጂኤስፒ፣ «ከጦር መሣሪያ በስተቀር»፣ አጎዋ እና የሁለትዮሽ ስምምነት ሲነጻጸሩ

ጥሬ ቡና ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገባ ቀረጡ ዜሮ ነው። ከብራዚልም ይምጣ ከቬትናም፣ ከሀብታምም አገር ይምጣ ከድሃ፣ ማንም ምንም አይከፍልም። ጥሬ ቡና ለሚልክ ሰው እንግዲህ «ከቀረጥ ነጻ ዕድል አግኝተሃል» ማለት ሁሉም በእጁ ያለውን ነገር እንደ ስጦታ መስጠት ነው። ያው ቡና ተቆልቶ ሲገባ ግን መደበኛ ቀረጡ 7.5 በመቶ ይሆናል፤ ያኔ ዜሮ በሚከፍለውና 7.5 በሚከፍለው ላኪ መካከል ገንዘብ አለ። ኮኮዋም እንዲሁ ነው፤ ፍሬው ዜሮ፣ ቅቤው 7.7 በመቶ።

ታዳጊ አገሮች የሚያገኟቸው የንግድ ዕድሎች ጠቅመዋል ወይስ አልጠቀሙም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ለዚህ ነው። ዕድሉ በስሙ ይመዘናል፤ መመዘን የነበረበት ግን በምርቱ ነው። አንዱ ዕድል ለቲሸርት ወርቅ ሆኖ ለሰሊጥ ምንም ላይሆን ይችላል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለላኪዎች፣ ለላኪ ማኅበራት ባለሙያዎችና በንግድ ድርድር ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመምረጥ በፊት፦ ክፍተቱን መለካት

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የዕቃው ኤችኤስ ኮድ (ጉምሩክ ዕቃዎችን የሚመድብበት ዓለም አቀፍ ቁጥር) ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በመላው ዓለም አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ገዢው አገር ይጨምራል፤ ቀረጡም የሚነበበው ከነዚያ ነው። የጥጥ ቲሸርት 6109.10 ነው። ጨርቁ ውስጥ በክብደት ፖሊስተሩ ከጥጡ ከበለጠ ግን ኮዱ ወደ 6109.90 ይሸጋገራል። በአውሮፓ ለሁለቱም 12 በመቶ ስለሆነ ለውጥ የለውም። በአሜሪካ ግን የጥጡ 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ክሩ 32 በመቶ ነው። ስለዚህ አጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የምትሰጠው ከቀረጥ ነጻ ዕድል) በፖሊስተር ቲሸርት ላይ የሚያስገኘው ጥቅም በጥጡ ላይ ከሚያስገኘው እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። ብዙ አምራቾች «ጥጥ ስላለን ጥጥ እንስፋ» ብለው ሲጀምሩ ይህን ሰንጠረዥ አላዩትም።

ሁለተኛው ቁጥር ተፎካካሪው የሚከፍለው ነው። መደበኛው ቀረጥ 12 ሆኖ አንተ ዜሮ ብትከፍል፣ ጎረቤትህም ዜሮ ከከፈለ፣ ክፍተትህ 12 ሳይሆን ዜሮ ነው። ቬትናም ለአውሮፓ አልባሳት የምትልከው በጂኤስፒ (ሀብታም አገሮች ለታዳጊዎች በሚሰጡት የቀረጥ ቅናሽ) 9.6 በመቶ እየከፈለች ነበር። ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ግን ነጻ የንግድ ስምምነቷ ሥራ ላይ ውሎ ቀረጡ በደረጃ ወደ ዜሮ መውረድ ጀመረ። ዜሮ ይከፍሉ የነበሩት ድሃ አገሮች ምንም ሳይወሰድባቸው ጥቅማቸው ሟሟ። በሙዝም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ በታኅሣሥ 2009 በተደረሰው የጄኔቫ ስምምነት አውሮፓ በላቲን አሜሪካ ሙዝ ላይ የምታስከፍለውን በቶን 176 ዩሮ ወደ 114 ለማውረድ ተስማማች፤ በነጻ ይገቡ ለነበሩት የአፍሪካና የካሪቢያን ሙዞች ይህ ማለት በቶን 62 ዩሮ ከለላ መነሣት ነው። የዕድል መሸርሸር የሚባለው ይህ ነው፤ በማስታወቂያ አይመጣም፣ ደብዳቤም አይላክለትም።

አማራጮቹ በአጭሩ

ጂኤስፒ ሥሩ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ በ1968 ኒው ዴልሂ ላይ ያሳለፈው ውሳኔ ነው፤ ሐሳቡን የገፋው የጉባኤው የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ነበር። ሁሉም ሰጪ አገር የየራሱን ዝርዝር ያወጣል፤ «ጂኤስፒ» አንድ ስም ቢሆንም አንድ ነገር አይደለም። የአውሮፓው መደበኛ ጂኤስፒ «ስሱ» በሚላቸው ዕቃዎች ላይ ብዙውን ጊዜ 3.5 የመቶኛ ነጥብ ብቻ ይቀንሳል፤ ብስክሌት ከ14 ወደ 10.5 ይወርዳል። ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ደግሞ የቀረጡን አንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ 12 የነበረው 9.6 ይሆናል። የአሜሪካው ጂኤስፒ አልባሳትን በአብዛኛው ጨርሶ አያካትትም ነበር። ባንግላዴሽ በ2013 ከራና ፕላዛ ሕንፃ መደርመስ በኋላ ከአሜሪካ ጂኤስፒ ስትታገድ ዜናው ትልቅ፣ የንግድ ጉዳቱ ግን ትንሽ የነበረው ለዚሁ ነው፤ ዋናው ምርቷ መጀመሪያውኑ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ያ የአሜሪካ መርሐ ግብርም በታኅሣሥ 2020 መጨረሻ ጊዜው አብቅቷል።

ጂኤስፒ ፕላስ የአውሮፓ ነው፤ በሰብዓዊ መብት፣ በሠራተኛ መብት፣ በአካባቢና በመልካም አስተዳደር ላይ ያሉ 27 ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ላጸደቁና ለሚተገብሩ ተጋላጭ አገሮች በአብዛኛው ምርት ዜሮ ይሰጣል። ፓኪስታን ከ2014 ጀምሮ ትጠቀምበታለች።

«ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» የሚባለው ከ2001 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር በጣም ያላደጉ ተብለው ለተመዘገቡ አገሮች አውሮፓ የምትሰጠው ነው። ስሙ እንደሚለው ከጦር መሣሪያ ሌላ ሁሉም ከቀረጥና ከኮታ ነጻ ነው። ጂኤስፒ፣ ጂኤስፒ ፕላስና ይህ ሦስቱም በአንድ የአውሮፓ ደንብ ሥር ናቸው።

የብሪታንያው የታዳጊ አገሮች የንግድ መርሐ ግብር ከሰኔ 2023 ጀምሮ ይሠራል፤ ሦስት ደረጃ አለው፤ 65 አገሮችንም ይሸፍናል። ከአውሮፓው ጋር ወንድማማች ቢመስልም የስሪት አገር ሕጉ (ዕቃው የላኪው አገር ምርት ነው ለመባል የሚጠየቀው) ላልቷል፤ ለዝርዝሩ ከታች እንመለሳለን።

አጎዋ በግንቦት 2000 የጸደቀ የአሜሪካ ሕግ ሲሆን ከሰሃራ በታች ላሉ ብቁ የአፍሪካ አገሮች ነው። ዋና ጥቅሙ አልባሳት ላይ ነው፤ በተለይ ለድሆቹ አገሮች ጨርቁን ከየትም ገዝተው እንዲሰፉ መፍቀዱ።

የሁለትዮሽ ስምምነት፣ ለምሳሌ አውሮፓ ከአፍሪካ አገሮች ጋር የምትፈራረመው የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት፣ ከሌሎቹ በጠባዩ ይለያል፤ እዚህ ላይ ታዳጊው አገርም የራሱን ገበያ ይከፍታል።

ቻይናም ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ላላቸው በጣም ያላደጉ አገሮች በሁሉም የታሪፍ መስመሮች ዜሮ አድርጋለች። ለግብርና ላኪ ግን እዚያ ቀረጡ ሳይሆን የኳራንቲን ፕሮቶኮሉ (ሁለቱ አገሮች በምርቱ ጤንነት ላይ የሚፈራረሙት ሰነድ) ነው በሩን የሚዘጋው፤ ፕሮቶኮል ያልተፈረመለት ምርት ዜሮ ቀረጡን ይዞ ወደብ ላይ ይቀራል።

አንድ ቲሸርት፣ ሦስት ስሌት

20,000 የጥጥ ቲሸርት በ3 ዩሮ አውሮፓ ወደብ ደረሰ እንበል፤ ጠቅላላው 60,000 ዩሮ ነው። በመደበኛ ቀረጥ አስመጪው 7,200 ዩሮ ይከፍላል። በመደበኛ ጂኤስፒ 5,760 ይከፍላል፤ ያዳነው 1,440 ነው፤ ለአንድ ቲሸርት 7.2 ሳንቲም። በጂኤስፒ ፕላስ ወይም በ«ከጦር መሣሪያ በስተቀር» ምንም አይከፍልም፤ ለአንድ ቲሸርት 36 ሳንቲም ዳነ።

አሁን ጨርቁን እንይ። በጣም ያላደገ አገር ከሆነ የአውሮፓ ሕግ ከውጭ የመጣ ጨርቅ ቆርጦ መስፋትን ይበቃል ይላል። ሌላው ታዳጊ አገር ግን ጨርቁንም ራሱ ከክር መሥራት አለበት። አንድ ቲሸርት ከቁርጥራጩ ጋር 200 ግራም ጨርቅ ይበላል ብንል፣ አገር ውስጥ የሚሠራው ጨርቅ ከውጭው በኪሎ 50 ሳንቲም ቢወደድ፣ ልዩነቱ ለአንድ ቲሸርት 10 ሳንቲም ነው። ለመደበኛ ጂኤስፒ ተጠቃሚ እንግዲህ 7.2 ሳንቲም ለማዳን 10 ሳንቲም ማውጣት ይሆናል። ያዋጣው የነበረው ርካሹን ጨርቅ አስገብቶ፣ ሙሉውን 12 በመቶ ከፍሎ መላክ ነው። የጂኤስፒ ፕላሱ ላኪም የጨርቁ ግዴታ አለበት፤ ግን 36 ለማዳን 10 ቢያወጣ ያዋጣዋል። በጣም ያላደገው አገር ላኪ ደግሞ ጨርቁን አስገብቶም 36ቱን ይወስዳል።

ብዙ ላኪዎች መብቱ እያላቸው ዕድሉን ሳይጠይቁ መደበኛውን ቀረጥ ከፍለው ሲያስገቡ ግድየለሽነት ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ሒሳብ ሠርተው ነው። ክፍተቱ ከ2 ወይም 3 በመቶ ሲያንስ ሰነድ ማዘጋጀቱ፣ መዝገብ መያዙና ግብዓት መለየቱ ጥቅሙን ይበላዋል።

የስሪት አገር ሕግ፦ ዕድሉ የሚኖርበትና የሚሞትበት

ከሁሉ በላይ ሰዓት የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ቀረጡን የሚያነብ ብዙ ነው፤ የስሪት አገር ሕጉን የሚያነብ ግን ጥቂት።

አውሮፓ ከ2011 ጀምሮ ለበጣም ያላደጉ አገሮች ለብዙ የኢንዱስትሪ ምርቶች ከውጭ የሚመጣውን ግብዓት እስከ 70 በመቶ ፈቅዳለች፤ ለሌሎች ታዳጊዎች በብዙ ምርት ላይ 50 በመቶ ነው። ብሪታንያ ለድሆቹ እስከ 75 በመቶ ትፈቅዳለች። የካምቦዲያ ብስክሌት የተነሣው ከዚህ ለውጥ በኋላ ነው፤ መደበኛው 14 በመቶ የሆነበት ዕቃ፣ ክፍሎቹን ከውጭ አስገብቶ መገጣጠም ከተፈቀደ፣ ፋብሪካ ለመትከል በቂ ምክንያት ነው።

አጎዋ ከአልባሳት ውጪ ላሉ ዕቃዎች በተቃራኒው አቅጣጫ ይቆጥራል፤ ከዕቃው የጉምሩክ ዋጋ ቢያንስ 35 በመቶ አገር ውስጥ መጨመር አለበት ይላል፤ ከዚህ ውስጥ እስከ 15 የመቶኛ ነጥብ የአሜሪካ ግብዓት ሊቆጠር ይችላል። ላይ ላዩን ሲታይ «35 አገር ውስጥ» ከ«70 ከውጭ» ብዙም የማይርቅ ይመስላል። ልዩነቱ ግን የሚቆጠረው ነገር ላይ ነው። ከፋብሪካ በር ዋጋው 200 የሆነ ዕቃ እንውሰድ፤ ከውጭ የመጣ ግብዓት 130፣ የአገር ውስጥ ግብዓት 20፣ ቀጥተኛ የሠራተኛና የማምረቻ ወጪ 25፣ አስተዳደርና ትርፍ 25። በአውሮፓ 130 ለ200 ሲካፈል 65 በመቶ ነው፤ ያልፋል፤ ትርፉና አስተዳደሩ በዋጋው ውስጥ ሆነው ረድተውታል። በአሜሪካ ግን ትርፍና አጠቃላይ አስተዳደር አይቆጠሩም፤ 20 እና 25 ተደምሮ 45 ይሆናል፤ 22.5 በመቶ፤ ወደቀ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ፍርድ።

ስሌቱ ቋሚም አይደለም። ያው ገዢ ዋጋውን አከራክሮ ከ200 ወደ 180 ቢያወርደው፣ ግብዓቱ 130 እንደሆነ ከቀረ፣ ድርሻው 72.2 በመቶ ይሆንና የአውሮፓን ገደብ ይዘላል። ሻጩ 20 አጥቶ በዚያ ላይ ቀረጥ ነጻነቱንም አጣ። የአገር ገንዘብ ሲረክስም ይኸው ይደርሳል፤ ደመወዝና የአገር ውስጥ ግብዓት በዶላር ሲሰላ ያንሳል፤ የውጭው አያንስም፤ ድርሻው ሳይታሰብ ያድጋል። ስለዚህ ገደቡን አጥብቆ መታከክ አይመከርም፤ 70 ከተፈቀደ 62 ወይም 63 ላይ መቆም፣ ስሌቱንም በየትዕዛዙ እንጂ በዓመት አንዴ አለመሥራት።

ሌላው መፍትሔ ግብዓትን መደመር ነው። አውሮፓ ከራሷ የተገዛን ግብዓት እንደ ላኪው አገር ግብዓት ትቆጥረዋለች፤ ብሪታንያ ደግሞ በጣም ያላደጉት ከብዙ ሌሎች ታዳጊ አገሮች የገዙትን እንዲደምሩ ትፈቅዳለች። ይህ የሚሠራው ግን ሻጩ የግብዓቱን ስሪት በሰነድ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው፤ ደረሰኝ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም።

ዕድሜና ጽናት

ከአጎዋ ጋር የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ይቆጥባል» ሳይሆን «እስከ መቼ» ነው። ብቁነቱ በየዓመቱ ይገመገማል፤ ውሳኔውም የፕሬዚዳንቱ ነው። ማዳጋስካር በ2010 መጀመሪያ ተሰረዘች፤ በ2014 ተመለሰች፤ በመካከሉ የተዘጉት የስፌት ፋብሪካዎች ግን ሁሉም አብረው አልተመለሱም። ኢትዮጵያ፣ ማሊና ጊኒ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ወጥተዋል። ሕጉ ራሱ ደግሞ መስከረም 30 ቀን 2025 ምትክ ሳይጸድቅለት ጊዜው አብቅቶ ነበር፤ ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት የዕለቱን ሁኔታ ማየት ግድ ነው። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የተጣሉት ተጨማሪ ታሪፎችም ለአጎዋ ዕቃ አልራሩም፤ መደበኛው ቀረጥ ዜሮ ቢሆንም ተጨማሪው ከላይ ተደረበ።

አውሮፓም አትወስድም ማለት አይደለም። ስሪላንካ ጂኤስፒ ፕላስን በነሐሴ 2010 አጥታ በግንቦት 2017 ነው ያገኘችው። ካምቦዲያ ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ከምትልከው አንድ አምስተኛ በሚያህለው ላይ ቀረጥ ተመለሰባት። ልዩነቱ አውሮፓ ቀስ ብላ መሄዷ ነው፤ ምርመራው፣ ማስጠንቀቂያውና ውሳኔው ከዓመት በላይ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ላኪው ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። የአሁኑ የአውሮፓ ደንብ እስከ 2027 መጨረሻ ተራዝሟል። ከበጣም ያላደጉት ዝርዝር የሚወጣ አገርም «ከጦር መሣሪያ በስተቀር»ን ወዲያው አያጣም፤ ሦስት ዓመት ይሰጠዋል። ባንግላዴሽ፣ ኔፓልና ላኦስ ለኅዳር 2026 መውጫ ተቀጥሮላቸዋል።

የሚያልፈው ጊዜ ለምን ዓይነት ፋብሪካ እንደሚበቃ ማሰብ ያስፈልጋል። የልብስ ስፌት መስመር ማሽኖቹን ነቅሎ በወራት ውስጥ ሌላ አገር መትከል ይቻላል። ፈትልና ሽመና ግን ሕንፃ፣ ኃይልና ውኃ ይፈልጋል፤ ወጪውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። በየጥቂት ዓመቱ የሚታደስ ዕድል የመጀመሪያውን ይስባል፣ ሁለተኛውን አይስብም። ጨርቁን ከየትም መግዛት የሚፈቅደው ሕግም ሥራ በብዛት ይፈጥራል እንጂ ከጥጡ እስከ ልብሱ ያለውን ሰንሰለት ለመገንባት አይገፋም። ይህ ጉድለት ተብሎ ይነቀፋል፤ ግን ጥብቁ ሕግ ሲኖር ሰንሰለቱ ሳይሆን ባዶ መሬት ነው ብዙ ቦታ የታየው። ከሁለቱ ልቅ የሆነው ይሻላል።

የዳነው ገንዘብ ማን ኪስ ይገባል?

ቀረጡን የሚከፍለው አስመጪው ነው። ስለዚህ ቀረጡ ሲቀር መጀመሪያ የሚደሰተውም እሱ ነው። በ2005 በአጎዋ አልባሳት ላይ የተሠራ ጥናት ላኪዎቹ ያገኙት ከተቆረጠው ቀረጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ እንደሆነ አሳይቷል፤ የቀረው ጥቂት ሆነው ኃይል ካላቸው ገዢዎች ዘንድ ቀረ።

ዋጋ ሲነጋገሩ ከፋብሪካ በር ወይም ወደብ ላይ ከሚጫንበት ዋጋ መጀመር ድርሻን አስቀድሞ መስጠት ነው። የተሻለው ከገዢው መጋዘን ዋጋ ተነሥቶ ወደኋላ መቁጠር ነው። ተፎካካሪው 12 በመቶ ከፍሎ በስንት ያደርሳል? ጭነቱስ? ያ ከታወቀ ምን ያህሉን ለገዢው ትቶ ምን ያህሉን በዋጋ ላይ መጨመር እንደሚቻል ይታያል። አነስተኛ ላኪ ሙሉውን አያገኝም፤ ግማሹን ግን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ገዢ የለም።

ሰነድ ላይ የሚበላሹት

ለአውሮፓ ጂኤስፒ ዕቃው ከ6,000 ዩሮ የሚበልጥ ከሆነ ላኪው በሬክስ (በአውሮፓ የላኪዎች ምዝገባ) ስርዓት የተመዘገበ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በታች ማንኛውም ላኪ ራሱ የስሪት መግለጫ በደረሰኙ ላይ ሊጽፍ ይችላል። መግለጫው 12 ወር ይሠራል፤ ደጋፊ መዝገቡ ደግሞ መግለጫው ከተጻፈበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት። ከምዝገባ በፊት የተላከ ትልቅ ጭነት፣ በራስ ቃል ተከልሶ የተጻፈ መግለጫ፣ በደረሰኙና በማሸጊያ ዝርዝሩ የተለያየ የዕቃ ስም፦ ውድቅ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው።

ለአጎዋ አልባሳት የቪዛ ማኅተም አለ። በዋናው የንግድ ደረሰኝ ፊት ላይ በሰማያዊ ቀለም ይመታል፤ ቁጥሩ 9 ምልክት ነው፤ አንድ የምድብ አሃዝ፣ ሁለት የአገር መለያ ፊደል፣ ስድስት ተከታታይ አሃዝ። ምድቡ ጨርቁ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ሦስተኛ አገር ጨርቅ ተጠቅሞ የክልል ጨርቅ ምድብ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ውጤቱም ሙሉ ቀረጥ ነው።

ጉዞውም ይቆጠራል። ዕቃው በመንገድ ላይ በሌላ አገር ወደብ ሲሸጋገር ከጉምሩክ ቁጥጥር መውጣት የለበትም፤ መዳረሻውን የሚገልጽ አንድ ቀጥተኛ የጭነት ሰነድ መኖሩ ማስረዳቱን ያቀልላል። መጋዘን ገብቶ ለሁለት ገዢ ከተከፈለ ማስረዳቱ ይከብዳል።

ዋናው አደጋ ግን ዘግይቶ ይመጣል። የአውሮፓ ጉምሩክ ዕቃውን አስገብቶ በኋላ ማጣራት ይጠይቃል፤ ስሪቱ ካልተረጋገጠ እስከ ሦስት ዓመት ወደኋላ ቀረጡን ከአስመጪው ያስከፍላል። አስመጪው ደግሞ ወደ ላኪው ይዞራል። ጥጡ የተገዛበት ደረሰኝ፣ የምርት መዝገቡና የመጋዘን መውጫው ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ጋር አብረው ያልታሰሩበት ፋብሪካ ምንም ሳያጭበረብር ሊሸነፍ ይችላል።

በአሜሪካ በኩል አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። የጂኤስፒ ጊዜ ሲያልፍ አስመጪዎች ቀረጡን እየከፈሉ የመርሐ ግብሩን መለያ ምልክት (ለጂኤስፒ «ኤ»፣ ለአጎዋ «ዲ») በማስገቢያ ሰነዱ ላይ መጻፍ ይቀጥላሉ፤ ምክር ቤቱ ሕጉን ወደኋላ አድርጎ ሲያድስ ተመላሹ በቀላሉ ይወጣል። ቀድሞ እንዲህ ሆኗል። ግን ተመላሹ የሚደርሰው ለአስመጪው ነው።

ለአገር ሲመረጥ፦ የሚሰጥ ዕድል ወይስ የሚፈረም ስምምነት?

ጂኤስፒም አጎዋም ስጦታ ናቸው። ሰጪው ሲፈልግ ይቀንሳል፤ ተቀባዩ መክሰሻ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሰጪው ግዴታ በተመሳሳይ ሁኔታ ያሉትን አለማበላለጥ ብቻ ነው፤ ይህንንም ሕንድ አውሮፓን ከስሳ በ2004 ያስወሰነችው ነው። ጂኤስፒ ፕላስም በኋላ ተለይቶ የተዋቀረው ከዚያ ክርክር ተነሥቶ ነው። የሁለትዮሽ ስምምነት ግን ውል ነው፤ ለመውጣት ማስታወቂያ፣ ለመጣስም የክርክር መንገድ አለው።

ዋጋው ገበያ መክፈት ነው፤ በአውሮፓና በአፍሪካ ስምምነቶች ከአውሮፓ ከሚገባው ዕቃ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ለብዙ ዓመታት በደረጃ ነጻ ይደረጋል። ከጉምሩክ ገቢ በጀቱን የሚሸፍን አገር ይህን በደንብ ማስላት አለበት። ገቢው የሚቀንሰው ወዲያው፣ የሚተካው ግብር የሚሰበሰበው ዘግይቶ ነው።

የኬንያ ጉዳይ ምርጫውን በአጭሩ ያሳያል። ኬንያ በጣም ካላደጉት ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ጎረቤቶቿ ኡጋንዳና ታንዛኒያ አሉ። በጥቅምት 2014 የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከአውሮፓ ጋር የተደራደሩበት የጋራ ስምምነት ሳይጸድቅ ቀኑ ሲያልፍ፣ ጎረቤቶቿ በ«ከጦር መሣሪያ በስተቀር» ዜሮ እንደከፈሉ ሲቀጥሉ የኬንያ አበባ በመደበኛ ጂኤስፒ ቀረጥ ላይ ወደቀ፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ከፈለች። ጎረቤቶቿ ለመፈረም ያልቸኮሉት ስለዚህ ነው፤ ሳይፈርሙ የሚያገኙት ነበር። ኬንያ በኋላ የራሷን ስምምነት ፈርማ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። እንግዲህ በጣም ያላደገ አገር ከዝርዝሩ መውጫው ሩቅ ከሆነ የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ መውጫው በአምስት ዓመት ውስጥ ከሆነ ግን ድርድሩ አሁን መጀመር አለበት፤ ድርድርና ማጽደቅ ከሦስቱ የሽግግር ዓመታት ይረዝማሉና።

ስለ ስጦታው ሌላ ያልተጠበቀ ውጤትም ታይቷል። ከአሜሪካ ጂኤስፒ የወጡ አገሮች በውስጡ ከቆዩት ይልቅ የራሳቸውን ቀረጥ ዝቅ እንዳደረጉ የሚያሳይ ጥናት አለ። ላኪዎቹ በውጭ የተከፈተ በር ካላቸው ለአገር ውስጥ የታሪፍ ማሻሻያ አይታገሉም፤ በሩ ሲዘጋ ግን ግብዓት በርካሽ እንዲገባ ይጮኻሉ።

ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት

ምርጫው ከተደረገ በኋላ በሽያጭ ውሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች በግልጽ መቀመጥ አለባቸው። አንደኛ፣ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ዕድሉ ቢሰረዝ ቀረጡን ማን ይሸከማል፤ «ገዢው» ወይም «እኩል» ብሎ መጻፍ እንጂ ዝም ማለት ሻጩን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ በኋላ ማጣራት ቀረጥ ቢጠየቅ የሻጩ ኃላፊነት እስከ ምን መጠንና እስከ ስንት ጊዜ ነው፤ ገደብ የሌለው ካሳ መፈረም አንድ ጥሩ ትዕዛዝን ወደ ዕዳ ይለውጣል። ሦስተኛ፣ ቀረጡ ተመላሽ ቢሆን ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈላል፤ ገዢው ደርሶኛል ብሎ በስንት ቀን ያሳውቃል።